ጎንቺግ ፍየሉን ዳግም የሠራበት ዓመት

ጎንቺግን ያወቅሁት ዋና ከተማችን ኡላንባታር ውስጥ፣ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አንድ ክፍል ስንማር ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቤት ውስጥም ቆቡን የማያወልቅ ልጅ ነበር። ሲያወራ ይቸኩላል፤ ሲሠራ ግን ዓለም ቢገለበጥ አይቸኩልም።

የተወለደው ጎቢ-አልታይ በሚባል ገጠር፣ ከብት አርቢ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ልጅ እያለ አንድ ክፉ የብርድ ወራት መጣና በረዶው ሣሩ ላይ ረግቶ ቀረ። ከብቱ በቁሙ አለቀ። አባቱ አባባ ሉቭሳን ክቡን ድንኳናቸውን ነቅለው፣ የተረፉትን ጥቂት ፍየሎች ጭነት መኪና ላይ አሳፍረው ወደ ከተማ ለመግባት ወሰኑ። ከፍየሎቹ አንዱ፣ ግራጫ ወጠጤ፣ መኪና ላይ አልወጣም አለ። ጎተቱት፣ ገፉት፣ በድርቆሽ አባበሉት፤ እምቢ። ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲያምባርቅባቸው አባባ ሉቭሳን ገመዱን ለጎረቤታቸው ለባዳርች አስጨበጡና "በቃ፣ ይህ አገሩን አይለቅም" ብለው ተሳፈሩ። ጎንቺግ ከመኪናው ኋላ ተቀምጦ ወጠጤው እያነሰ፣ እያነሰ ሲሄድ አየ።

ይህን ታሪክ ኮሌጅ ሳለን እንደ ቀልድ ነበር የሚነግረን። ወጠጤው እግሩን እንዴት እንደተከለ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ያሳየናል፤ እኛም እንንከተከታለን። የሚያሳቅቀው ነገር እንዳለበት የገባን በኋላ ነው።

ያኔ ሁላችንም ስሪዲ አኒሜሽን የምንማረው በአንድ ውድ ፕሮግራም ነበር። "ትልቁ" እንለዋለን። ከእኛ መካከል ከፍሎበት የሚጠቀም አንድም ሰው አልነበረም። ናራንቱል ገበያ ውስጥ ዲስክ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። "ሙሉ ነው፣ ቁልፉም ውስጡ አለ፤ ካልሠራ መልሱት!" ይሉናል። ካልሠራም እንመልሳለን፤ እነሱም ሌላ ይሰጡናል። ቁልፉ ተሰብሮ የሚሸጥ ፕሮግራም መጫን ለእኛ ኮምፒውተር እንደማብራት ያለ ነገር ነበር። ማንም ስለ ፈቃድ አያነሳም። ጎንቺግ ደግሞ ትልቁን ሲነዳ ላየው ሰው ፈረስ ላይ የተወለደ ነው የሚመስለው። መምህራኑ ሳይቀሩ ሲቸግራቸው "እስቲ ያን ባለ ቆብ ጥሩት" ይሉ ነበር።

እኔ ኮሌጅ ስጨርስ አባቴ ታመመና ወደ አገሬ ወደ ሆቭድ ተመለስኩ። እዚያ ትንሹ ሙዚየም ቀጠረኝ። ሥራዬ አሮጌ ኮርቻዎችን፣ የድንጋይ ሐውልቶችንና የእንጨት ሳጥኖችን ኮምፒውተር ላይ መልሶ መሥራት ነበር፤ ልጆች እያዟዟሩ እንዲያዩዋቸው። የመጀመሪያ ቀን ያን ዲስክ ይዤ ስገባ ዳይሬክተሯ አየችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የምሠራበት ፕሮግራም።"

"የተገዛ ነው?"

"አዎ፣ ገበያ ላይ።"

"እንደሱ የተገዛ አይደለም የምልሽ" አለችኝ። "የመንግሥት ኮምፒውተር ላይ የተሰረቀ ነገር አይጫንም። ዋናውን የምንገዛበት በጀትም የለንም። ሌላ ፈልጊ።"

ፈለግሁ። አንድ በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም ነበር፤ ማንም ሰው አውርዶ የሚጠቀምበት፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች እየተጋገዙ የሚሠሩት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እያለቀስኩ ተማርኩት። ከዚያ ለመድኩት። በኋላም ወደድኩት።

ይህን ለጎንቺግ በስልክ ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ዙላ፣ በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ይሠራል? ሱቅ በር ላይ የሚታደል ማስቲካ ነው እንዴ?" አለኝ። ይህም አልበቃው፤ በአንድ የክፍላችን ልጅ ሰርግ ላይ ተነስቶ "ዙላ በነፃው ፕሮግራም አንድ ማንኪያ ሠርታለች አሉ፤ ሾርባ ግን ያፈሳል!" ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ጎንቺግ ከተማ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ገባ። የሚጨፍሩ የእርጎ ጠርሙሶች፣ የሚያወሩ የሲሚንቶ ከረጢቶች፣ ፀጉራቸውን የሚያበጥሩ ካልሲዎች ይሠራል። እዚያው ድርጅት ውስጥ ሶሎንጎን አገኘ። ሶሎንጎ ቀለም ባለሙያ ናት፤ ዝምተኛ፣ አጭር፣ ዓይኗ አንድም ነገር የማያልፍ። ተጋቡ። ሁለቱም በሲሚንቶው ከረጢት ሲሰለቹ በእረፍት ቀናቸው ቤታቸው ውስጥ የራሳቸውን አጭር ፊልም ጀመሩ። ታሪኩ መኪና አልወጣም ያለው ወጠጤ ነው።

አራት ዓመት ፈጀባቸው። የፍየሉን ፀጉር ብቻ ለመሥራት አንድ ሙሉ የብርድ ወራት አለፈ። ፊልሙ ሲያልቅ ኮሪያ ውስጥ ወደሚደረግ አንድ የአኒሜሽን ትርኢት ላኩት። ሽልማት አላገኘም፤ ግን አንዲት ጃፓናዊት አየችው። ወይዘሮ ኩሬባያሺ ትባላለች፤ ለአንድ የልጆች ቴሌቪዥን ፊልም የምትመርጥ ሴት ናት። ፊልሙን ለመግዛት ፈለገች።

በቪዲዮ ተነጋገሩ፤ መካከላቸው አስተርጓሚ አለ። ሶሎንጎ እንደነገረችኝ ወይዘሮ ኩሬባያሺ ፍየሉ እግሩን ሲተክል እሷ ሕፃን ሳለች ከቤት አልወጣም ያለችበትን ቀን እንዳስታወሳት ተናገረች። ጎንቺግ ጆሮው እስኪቀላ ተደሰተ። ስለ ድምፁ፣ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ወቅቱ ተነጋገሩ፤ በፀደይ ይታያል ተባለ። መጨረሻ ላይ አስተርጓሚው እንደ ቀላል ነገር "ሌላው፣ የተጠቀማችሁባቸውን ፕሮግራሞችና ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ ላኩልን፤ ድርጅታችን ሳያይ አይገዛም" አለ።

"እንልካለን" አለ ጎንቺግ ወዲያው።

ቪዲዮው ተዘጋ። ሶሎንጎ ወንበሯን አዙራ ተመለከተችው።

"ምኑን ነው የምትልከው?"

"አንድ ነገር እናደርጋለን።"

"ምን?"

"የአንድ ወር እንገዛለን። በስማችን ደረሰኝ ይኖረናል።"

"አራት ዓመት የሠራነው ፊልም፣ የአንድ ወር ደረሰኝ? ሴትዮዋ መቁጠር አትችልም?"

እሱ ግን ዋጋውን ማየቱ አልቀረም። ትልቁ የሚሸጥ ሳይሆን የሚከራይ ነው። ለሁለት ሰው፣ በዓመት፣ በዶላር። ፀጉሩን የሠሩበት ተጨማሪ ክፍል ለብቻው ይከፈልበታል፤ ሥዕሎቹን አብስሎ ፊልም አድርጎ የሚያወጣውም ለብቻው። መክፈል ያቆምክ ቀን የራስህን ፍየል መክፈት አትችልም። "የቤት ኪራይ ላይ ሌላ ኪራይ ነው እኮ" አለ ጎንቺግ ቆቡን ወደ ኋላ እየገፋ። ኪራዩ ቴሌቪዥኑ ከሚከፍላቸው ውስጥ ብዙውን ይበላዋል። ቢከፍሉም ያለፉት ዓመታት እንዳልተከፈለባቸው ይቀራሉ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ባልደረባው ነገሩን ሰምቶ ሳቀበት። "ለዚህ ነው የምትጨነቀው? የፈቃድ ቁጥር እኔ አመጣልሃለሁ። ቆንጆ አድርጌ ደረሰኙንም ጭምር። ጃፓን ድረስ ማን ያጣራል?" አለው። ጎንቺግ ያን ሐሳብ ይዞ ቤት ገባ። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቡ ሄዶ ነበር። ለሶሎንጎ ሲነግራት እሷ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን እንኳ አላቆመችም።

"ከፈለግህ ላክ" አለችው። "የኔን ስም ግን ከፊልሙ አውጣው።"

"ሶሎንጎ፣ አራት ዓመት እኮ ነው!"

"ለዚህ ነዋ። አራት ዓመት ሠርቼ ስሜ ከውሸት ወረቀት ሥር አይቀመጥም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኛ!"

"ለዙላ ደውል።"

"ለየትኛዋ ዙላ?"

"ታውቃታለህ" አለችው፤ ሌላ ድንች አነሳች።

አልደወለም። ቀናት አለፉ። በኋላ እንደነገረኝ ስልኩን እያነሳ፣ ስሜን እያየ፣ መልሶ ያስቀምጠው ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሙዚየሙ ደጃፍ ተቀምጬ ቡዜን፣ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋዬን፣ እየበላሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

"ዙላ" አለኝ። ጉሮሮውን ጠረገ። "እንዴት ነሽ? ያ... ማንኪያሽ እንዴት ነው?"

"ሾርባ አያፈስም" አልኩት።

ከዚያ ሁለታችንም ፍንድት ብለን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉንም ነገር አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። የባልደረባውን ሐሳብ ጭምር።

"በነፃው ይሠራል ወይ?" አለኝ።

"ይሠራል። ግን ሁሉም ነገር አይሻገርም። የፍየሉ አካል ይሻገራል፤ ቅርፁ ማለቴ ነው። እንዲንቀሳቀስ የገጠማችሁለት አጥንት አይሻገርም። ያን እንደ አዲስ ነው።"

"ፀጉሩስ?"

"ፀጉሩም አይሻገርም።"

"ፍየል ያለ ፀጉር ምን ይመስላል?" አለኝ።

"የታመመ ውሻ።"

"እግዚኦ!" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ታስተምሪኛለሽ?" አለኝ። ጎንቺግ ሰውን አስተምረኝ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት፤ አደረገውም። ለወይዘሮ ኩሬባያሺ ደውሎ በአስተርጓሚው በኩል እውነቱን ነገራት። ፊልሙን የሠራነው ባልከፈልንበት ፕሮግራም ነው፤ በፈቃድ መልሰን ልንሠራው እንፈልጋለን፤ ጊዜ ስጪን አላት። ሴትየዋ የፀደዩ ቦታ ለሌላ ፊልም እንደሚሰጥ፣ በመከር ካለቀ ግን እንደገና እንደምታየው፣ ቃል ግን እንደማትገባ ተናገረች። "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" ብላ ዘጋች። ሶሎንጎ እንዳለችኝ ጎንቺግ ከዚያ በኋላ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ለብዙ ሰዓት አልተነሳም።

ሙቀት ሲገባ ሁለቱም የዓመት ፈቃዳቸውን ይዘው ሆቭድ መጡ። ዳይሬክተሯ የሙዚየሙን የኋላ ክፍል ፈቀደችልን፤ ማሞቂያው የማይሠራ፣ የተሰነጠቁ ኮርቻዎች የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ሶሎንጎ በማግስቱ ሁለት ነገር ጠይቃኝ ሥራዋን ጀመረች። ጎንቺግ ግን መከራውን አየ።

ችግሩ እጁ ነው። እጁ ትልቁን ያውቃል። ለማዞር የለመደው ቁልፍ እዚህ ይመርጣል፤ ለመምረጥ የለመደው እዚህ ያጠፋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ነካና ፍየሉ በሞላው ጠፋ። "የት ሄደ?" አለ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሁሉ የሚያይ እስኪመስለኝ ድረስ። ሌላ ጊዜ ቀንዱን ሊያሳድግ ፈልጎ ኮቴውን ግድግዳ አሳከለው።

"ይህን ነገር ማን ነው የሠራው?" ብሎ ጮኸ።

"በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች" አልኩት።

"ለዚህ ነዋ!"

ተነስቶ በሩን ወርውሮ ወጣ። ወንዝ ዳር ሄዶ ድንጋይ ሲወረውር ቆይቶ፣ ጫማው ረጥቦ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አሳዘነኝና "ቁልፎቹን እኮ እንደ ትልቁ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል" አልኩት።

ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አነሳ። "ይቻላል?"

"አንድ ቦታ ተጭነህ ነው።"

"እና እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስትሳደብ ደስ እያለኝ።"

ሶሎንጎ በሳቅ ወንበሯ ላይ ተጠቀለለች። እሱም መጀመሪያ ሊቆጣ ዳድቶት ነበር፤ ከዚያ "የሰርጉ ነው አይደል? የሰርጉን ነው የከፈልሽኝ" አለና ራሱን ነቀነቀ። "ይገባኛል። በቃ፣ ተቻችለናል።" የሚገርመው ቁልፎቹን አልቀየራቸውም። "እልህ ይዞኛል፤ እንዳለው እለምደዋለሁ" አለ። በሳምንቱ እጁ ተፈታ።

ከዚያ ፀጉሩ መጣ። የግራጫው ወጠጤ ፀጉር ደረቱ ላይ ረዘም ይላል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ መጋረጃ ይገለጣል። ጎንቺግ የቱንም ያህል ቢሞክር ፀጉሩ ወይ እንደ ሽቦ ይቆማል፣ ወይ እንደ ረጠበ ጨርቅ ይለጠፋል። እኔም የኮርቻ ሰው ነኝ፤ ፀጉር አላውቅም። "ጠይቅ" አልኩት፤ ተጠቃሚዎቹ የሚወያዩበትን ገጽ ከፈትኩለት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቀና ፍየሉን በሥዕል አስደግፎ ለጠፈው። በማግስቱ ከብራዚል አንድ ሰው መልስ ጻፈለት። መልስ ብቻ አይደለም፤ የፍየሉን ደረት ራሱ ሞክሮ፣ ሠርቶ፣ እንዴት እንደሠራው ደረጃ በደረጃ አሳይቶ ላከለት።

ጎንቺግ ስክሪኑን በጥርጣሬ ያየዋል። "ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም የሚባል ነገር የለም፣ ዙላ።"

"እንግዲያውስ ፍየልህን ወዶት ነው" አለችው ሶሎንጎ።

ያን ጊዜ ነው ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ ያየሁት። ትልቁን ሲጠቀም ሁልጊዜ አንደኛ ነበር፤ አንደኛ ሰው ደግሞ ማንንም አይጠይቅም። እዚህ ጀማሪ ሆነና ሰው አገኘ። ለብራዚላዊው የምስጋና ቃል ሲጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አማረ ማለቴ አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ጎንቺግ በጣም የሚኮራባት አንዲት ትዕይንት ነበረች፤ የበረዶው ማዕበል ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ መንጋውን ሲውጠው የምታሳይ። ትልቁ እንዲህ ያለውን ነገር አሳምሮ ይሠራዋል። እኛ ስንሞክረው ኮምፒውተሩ እያንኮራፋ ይጠፋል፤ ደግመን ስናበራው እንደገና ይጠፋል። የተሻለ መሣሪያና የተሻለ ችሎታ ያለው ሰው ይችለው ይሆናል፤ እኛ አልቻልንም። በመጨረሻ ማዕበሉን ከድንኳኑ ውስጥ ሆነው እንዲሰሙት አደረጉት፤ ምድጃ፣ የሚንቀጠቀጥ ጣራ፣ ዝም ያሉ ሰዎች። ጥሩ ነው። ጎንቺግ ግን ያችን የጠፋች ትዕይንት እስካሁን ያዝንላታል፤ ስሟ ሲነሳ ወሬ ይቀይራል።

ከሆቭድ ሲመለሱ አካሉ፣ አጥንቱና ፀጉሩ አልቀው ነበር፤ የቀረው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ደግሞ መሥራት ነው። አባባ ሉቭሳን አንድ እሑድ ልጃቸው ቤት መጡ። ባለፉት አራት ዓመታት ፊልሙን እንዲያዩ አልተጠየቁም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ጎንቺግ ያን ቀን የፊልሙን ቁርጥራጮች ሲያጣብቅ ስክሪኑ ላይ መኪናው ሲርቅ፣ ወጠጤው እያነሰ ሲሄድና ፊልሙ ሲጨልም አዩ።

"አለቀ?" አሉ ሽማግሌው።

"አዎ አባባ፣ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።"

"ለምን እንዲህ አሳዘንከው?"

"አሳዛኝ ስለነበር ነዋ።"

"ለማን? ለሱ?" አባባ ሉቭሳን የወተት ሻያቸውን አስቀመጡ። "ያ ወጠጤ እኮ በሕይወት ኖሯል። ባዳርች አንድ ሁለቴ ከተማ ሲመጣ ነግሮኛል። እንደ ንጉሥ ነው የኖረው! አርጅቶ ነው የሞተው። የባዳርች ፍየሎች ግማሾቹ የሱ ልጆች ናቸው፤ አንዳቸውም መኪና አይወጡም አሉ።"

ጎንቺግ አባቱን ትኩር ብሎ አያቸው። "ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? ሁልጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የምታወራው። የረሳኸው መስሎኝ።"

ሶሎንጎ እንደነገረችኝ ጎንቺግ ተነስቶ ለአባቱ ሻይ ጨመረላቸው፤ ቀርቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ስለ ወጠጤው አንድ በአንድ ይጠይቃቸው ጀመር። ስለ ወጠጤው የጀመረው ስለ ሌላውም ሄደ፤ ስለዚያ የብርድ ወራት፣ ስለ እናቱ፣ ከተማ ስለገቡበት የመጀመሪያ ቀን። ሽማግሌው እስኪመሽ አወሩ።

ፊልሙን ደግሞ መሥራት ባይኖርበት ኖሮ ያ ወሬ አይወራም ነበር ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ፍየል አልቆ ተዘግቶ ነበር። ሁለተኛው ግን ገና ክፍት ስለነበር አዲሱን መጨረሻ ማስገባት ተቻለ። አሁን ፊልሙ የሚያልቀው በወጠጤው ልጆች ነው። አንድ ሙሉ መንጋ ግራጫ ፍየል አንድ ባዶ ጭነት መኪና ከብቦ እግሩን ተክሎ ይቆማል።

በመከር ላኩት። ከፊልሙ ጋር የተጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ስም ጽፈው፣ ነፃ መሆናቸውንና በነፃ ለንግድ መጠቀም እንደሚፈቀድ አሳይተው ላኩ። ወይዘሮ ኩሬባያሺ ወዲያው አልመለሰችም። ጎንቺግ በእነዚያ ሳምንታት ስልኩን መጸዳጃ ቤት ሁሉ ይዞ ይገባ ነበር። ስትመልስ ግን በቪዲዮ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። "አዲሱ መጨረሻ ከየት መጣ?" ብላ ጠየቀች።

"ከአባቴ" አለ ጎንቺግ።

መካከሉ ላይ ትንሽ እንዲያሳጥሩት ጠየቀች፤ አሳጠሩት። በበረዶው ወራት፣ ድምፁ ወደ ጃፓንኛ ተቀይሮ፣ በቴሌቪዥን ታየ። አባባ ሉቭሳን በማያውቁት ቋንቋ የሚናገረውን ወጠጤ እያዩ "ጃፓንኛውን አቀላጥፎታል" አሉ።

ጎንቺግ ከዚያ ወዲህ ትልቁን የጠላ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የማስታወቂያ ድርጅቱ አለቃ ይህን ወሬ ሲሰማ ደነገጠ፤ ነገ እሱንም ደንበኛ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀውስ? ዓመቱ ሳያልቅ ለሠራተኞቹ ሁሉ ትልቁን በሕጋዊ ፈቃድ ገዛላቸው። ጎንቺግ ቀን ቀን በዚያ ይሠራል፤ ደስ ብሎት ነው የሚሠራው። "ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ሲሠራ፣ ሲበላሽ የሚደወልለት ሰው ሲኖር፣ ደንበኛ ነገ ጠዋት ሲፈልግ፣ ገንዘቡ ይገባዋል" ይላል። "ትልቁ ትልቅ ነው። ግን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ይሁን።" ቤቱ ውስጥ ግን የራሱንና የሶሎንጎን ሥራ የሚሠሩት በነፃው ነው። ያን ሥራ ማንም ሊዘጋባቸው አይችልም። ከእያንዳንዱ ፊልም ከሚያገኙት ላይም ቀንሰው ነፃውን ለሚሠሩት ሰዎች ይልካሉ። የሶሎንጎ ሐሳብ ነው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ሆቭድ መጥተው ለትምህርት ቤት ልጆች የአንድ ሳምንት ትምህርት ሰጡ። በመጨረሻው ቀን የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ወይዘሮ ዳሪማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

"አንተ ነህ አሉ አዋቂው። ልጄ ይህን ነገር ልማር ብላ አሳበደችኝ። የቱን ነው የምትማረው? ሰዎች የሚከፈልበት ይሻላል ይሉኛል። ነፃ ነገር ፋይዳ የለውም ይላሉ።"

ጎንቺግ ወደኔ አላየም፤ እንደማየው ግን ያውቃል። ጆሮው ቀላ። "ኮምፒውተር አላት?" ሲል ጠየቃት።

"የአጎቷ አለ፤ አሮጌ ነው።"

"እንግዲያውስ በነፃው ትጀምር። አሮጌው ላይም ይሠራል። ወጪ የለብሽም፣ ማንንም አትሰርቅም፣ የሠራችው ሁሉ የሷ ነው። ነገ ትልቁ ያለበት መሥሪያ ቤት ብትቀጠር በጥቂት ወር ትለምደዋለች። ማየትና መሥራት ከቻለች ቁልፉ ይለመዳል።"

"አንተስ ቶሎ ለመድከው?"

"እኔ?" አለ። "እኔ ትንሽ ቀርፋፋ ነኝ፣ እማማ።"

ሶሎንጎ በእጇ አፏን ይዛ ወጣች።

አሁን ሁለተኛ ፊልማቸውን ጀምረዋል፤ በኡላንባታር አውቶቡስ ላይ ትኬት ስለምትቆርጥ አንዲት ሴትዮ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎንቺግ ደውሎ የአውቶቡሱ መስኮት በሰው ትንፋሽ ሲደበዝዝ፣ አንድ ልጅ ደግሞ በጣቱ ሲጽፍበት እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እንግዲህ አብረን እየፈለግን ነው፤ ብራዚላዊውንም ጠይቀነዋል።